የሜሴጆች አቀማመጥና አጠፋፍ በቦንጋ

በከፋ ዞን ዋና ከተማ በቦንጋ የአንድ አዋቂ ሰው መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ቢያንስ በአራት ቦታ ተቀምጦ ይገኛል፤ አንዱ በቀበሌ፣ አንዱ ሒሳብ በከፈተበት ባንክ፣ አንዱ ልጁን ባስመዘገበበት ትምህርት ቤት፣ አንዱ ደግሞ «ለማንኛውም» ተብሎ ተነሥቶ፣ በፌስታል ተጠቅልሎ ከፍራሽ ሥር። ከተማዋ ኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዝቷል፤ ቢሮ በበዛበት ደግሞ «ኮፒውን አያይዘህ ና» የሚል ስለማይጠፋ፣ የኮፒ ቤቶች ነገር ራሱን የቻለ ጥናት ይወጣዋል። ይህን ሁሉ ኮፒ ያስነሣ ሰው ግን ለቡና ነጋዴ ያበደረውን ገንዘብ የሚመሰክርለትን፣ «እሺ፣ ቡናው ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» የሚለውን ብቸኛ ጽሑፍ ያኖረው ስክሪኑ በተሰነጠቀ አንድ ስልክ ውስጥ ሲሆን፣ የዚያ ጽሑፍ ቅጂ በሰማይም በምድርም የለም።

ባካፕ ማለት አንድ መረጃ ካለበት ቦታ ሳይነሣ በሌላም ቦታ እንዲገኝ ማድረግ ነው፤ መጠባበቂያ ቅጂ የሚለው አጠራር በመመሪያና በሥልጠና ሰነድ ላይ ይሠራበታል እንጂ በሞባይል ጥገና ቤት የሚሰማው «ባካፕ አለህ ወይስ የለህም?» የሚለው ነው። ባካፕ የሚደረግለት አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ማለትም ሕዝቡ ሜሴጅ የሚለው፣ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተላከው ኅዳር 24 ቀን 1985 ዓ.ም. ሲሆን፣ ላኪው ኒል ፓፕወርዝ የተባለ የ22 ዓመት እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር፤ በቮዳፎን መረብ ላይ ከኮምፒውተር ወደ አንድ የሥራ ኃላፊ ስልክ «መልካም ገና» ብሎ ሰደደ። በኢትዮጵያ የገና ጾም ከተያዘ ገና 10ኛ ቀኑ ስለነበር ምኞቱ ለዚህ አገር ሰው ትንሽ የቸኮለ ይመስላል። የዚያች መልእክት ዲጂታል ቅጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 መጨረሻ ፓሪስ ላይ ለጨረታ ቀርቦ በ107,000 ዩሮ መሸጡ ግን፣ ሜሴጁን በሚገባ የሚያስቀምጥ ሰው በዓለም ላይ እንዳለ ያስረዳል።

አንድ ሜሴጅ የሚይዘው 140 ባይት ነው፤ ባይት ኮምፒውተር መረጃ የሚሰፍርበት መለኪያ ነው። የላቲን ፊደል ተጨምቆ ሲገባ 160 ይይዛል፤ የግእዝ ፊደል ግን ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚፈልግ 70 ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ያለፈው እየተቆራረጠ በሁለትና በሦስት ሜሴጅ ሒሳብ ይታሰባል። ይህን የሰማ ሰው የአማርኛ ጸሐፊ ተበደለ ብሎ ለመቆጣት መቸኮል የለበትም፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» የሚለው የሐዘን ቃል በግእዝ ፊደል ክፍት ቦታውን ጨምሮ 13 ምልክት ሲሆን፣ ያው ቃል በላቲን ፊደል ሲጻፍ 20 ያልፋል። በአማርኛ የሚያዝን ሰው የሚከስረው እንግዲህ የሚፈራውን ያህል አይደለም። በላቲን ፊደል የሚጻፈው የከፋዎች ቋንቋ ካፊኖኖ በበኩሉ 160ውን ሙሉ ይንሸራሸርበታል።

የተላከው ሜሴጅ የት ይኖራል የሚለው ጥያቄ በከተማው ውስጥ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች አሉት። የመጀመሪያው «ቴሌ ዘንድ አለ» የሚለው ነው። እርግጥ ነው፣ ሜሴጅ ከላኪ ወደ ተቀባይ በቀጥታ አይሄድም፤ በመካከል የመልእክት ማዕከል የሚባል ኮምፒውተር ይቀበለውና፣ ተቀባዩ ስልኩን ዘግቶ ወይም ኔትወርክ በማይደርስበት ጫካ ውስጥ ቡና እየለቀመ እንደሆነ ለጊዜው አቆይቶ፣ ሲገኝ ያደርስለታል። ካደረሰለት በኋላ ግን የማዕከሉ ሥራ አብቅቷል፤ ስልኩ የጠፋበት ደንበኛ ሄዶ የቀድሞ ሜሴጆቹን የሚረከብበት ግምጃ ቤት ተብሎ አልተሠራም። ሁለተኛው መልስ «ሲሙ ውስጥ ነው» የሚለው ሲሆን፣ ይህ በቁልፍ ስልክ ዘመን ሲም ካርድ ጥቂት ሜሴጆችን መያዝ ይችል ስለነበር ከዚያ የተወረሰ እምነት ነው። ዛሬ ቴክኖም ሆነ ሳምሰንግ፣ አንድሮይድ በሚባለው ሥርዓት የሚሠራ ስልክ ሜሴጆቹን ሁሉ በራሱ የውስጥ ማከማቻ፣ በአንድ የመረጃ ቋት ፋይል ውስጥ ያኖራቸዋል። ሲሙን አውጥቶ በአዲስ ቀፎ ውስጥ የከተተ ሰው በሲሙ ላይ የመዘገባቸው ስሞች ተከትለውት ሲመጡ ያይና ሜሴጆቹም በመንገድ ላይ ያሉ መስሎት አንድ ሁለት ቀን በትዕግሥት ይጠብቃል። ከ1997 ምርጫ ቀውስ ማግሥት በነበሩት ዓመታት የተጻፈ አንድም ሜሴጅ አላገኘሁም የሚል አንጋፋ ደንበኛ ቢኖር ግን ስልኩንም ሲሙንም ሊከስ አይገባም፤ አገልግሎቱ ያኔ በመላው አገሪቱ ተቋርጦ የተመለሰው በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው።

ባካፕ ይገባዋል የሚባለው ሀብት ምን እንደሆነ ለመረዳት የአንድን የቦንጋ ነዋሪ ኢንቦክስ ከላይ ወደ ታች ማየት ያስፈልጋል። ከፍተኛውን ቦታ የያዙት ማንም ሳይጠይቃቸው የሚመጡ ናቸው፤ የጥሪ ማሳመሪያ ግዙ የሚሉ፣ ጥያቄ መልሰው መኪና ይሸለሙ የሚሉ፣ ፓኬጅዎ ሊያልቅ ነው ብለው የሚያስጠነቅቁ፣ ካለቀ በኋላም አልቋል ብለው የሚያረዱ። ቀጥሎ የባንክና የቴሌብር ሜሴጆች ይመጣሉ፤ ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የበግ፣ የማር፣ የኮረሪማና የቡና ዋጋ ብዙውን ጊዜ በስልክ ስለሚተላለፍ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለውን በቁጥር የሚነግሩት እነዚህ ናቸው፤ ሻጭ በጉን ለገዢ የሚለቀውም ገመዱን በአንድ እጁ እንደያዘ ሜሴጁ ሲገባ ካየ በኋላ ነው። ሦስተኛዎቹ «እባክዎ ይደውሉልኝ» የሚሉት ሲሆኑ፣ ሒሳብ የሌለው ሰው ያለ ክፍያ የሚልካቸው ስለሆኑ በአንድ ቀን ከአንዱ የአክስት ልጅ ብቻ ሰባት ሊመጡ ይችላሉ። በእነዚህ ሁሉ መካከል፣ እንደ ኮረሪማ ፍሬ ከቅጠል ሥር ተሸሽገው፣ የሰው ሜሴጆች ይገኛሉ፤ የዕድር ለቅሶ ጥሪ፣ የእቁብ ዕጣ ማስታወቂያ፣ አዲስ አበባ የሄደች ልጅ በደረሰች ቀን የጻፈችው፣ ከሞተ ወንድም የመጣ የመጨረሻው «ደረስክ?»፣ እንዲሁም «ቡናው ሲሸጥ እከፍልሃለሁ»።

ስልኩ ግን በእነዚህ መካከል ልዩነት አያይም፤ ባካፕ የሚያደርገው ፕሮግራም የወንድሙን ቃልና የጥሪ ማሳመሪያውን ማስታወቂያ በእኩል ክብር ይገለብጣል። ማከማቻው ሞልቶ «ቦታ የለም» ባለ ጊዜ የሚደረገው ጽዳትም ይህንኑ ጭፍንነት ይከተላል። ባለቤቱ አንድ በአንድ መምረጥ ይታክተውና «ሁሉንም ምረጥ» የሚለውን ይጫናል፤ ወይም ለልጁ ይሰጠዋል፤ ልጁ ደግሞ ለፊልም ቦታ የሚፈልግ እንጂ ለቤተሰብ ታሪክ የሚጨነቅ አይደለም።

ከእነዚህ ሜሴጆች አንዱ በሕግ ዓይን ከሌሎቹ ይለያል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ እንደማይችል ይደነግጋል። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር ያበደረ ሰው ባለጸጋ ነበር፤ ዛሬ በ500 ብር ከቦንጋ በግ ላቷም አይገዛም፤ ስለዚህ በከተማዋ የሚደረገው ብድር ሁሉ ማለት ይቻላል ጽሑፍ የሚጠይቀው ዓይነት ነው። አበዳሪና ተበዳሪ ግን ዘመዳሞች ወይም የአንድ ዕድር ሰዎች ስለሚሆኑ «ፈርምልኝ» ማለት ነውር ነው፤ «ሜሴጅ አድርግልኝ» ማለት ግን ነውር የለበትም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልክ ለሚደረግ ጽሑፍ ሕጋዊ ዕውቅና ስለ ሰጠ፣ ያ ሜሴጅ እንደ ማስረጃ ቀርቦ ሊመዘን ይችላል፤ አዋጁ ያላሰበው ማስረጃው ከባለቤቱ ጋር ጎጀብ ወንዝን ሲሻገር ከኪስ ሊወድቅ እንደሚችል ነው።

የሜሴጅ አጠፋፍ በከፋ ከሌላው አገር በመጠኑ የሚለየው በውኃ ምክንያት ነው። አካባቢው አብዛኛውን ዓመት ዝናብ አያጣውም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ጫካም የዚሁ ዝናብ ልጅ ነው። ዝናቡ ቡናን፣ እንሰትን፣ የውሽውሽን ሻይ ይወዳል፤ ስልክን ግን አይወድም። ከውኃ ይልቅ ብዙ ሜሴጅ የሚፈጀው ግን ጥገና ቤት ውስጥ የሚሰነዘር አንድ ጥያቄ ነው። ጠጋኙ ወጣት የረጠበውን ስልክ ፈትቶ ቦርዱን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠርጎ፣ በሙቅ አየር አድርቆ፣ ባትሪውን መልሶ አስገብቶ ያበራዋል፤ ስልኩ የአምራቹን ስም ብቻ ያሳይና እዚያው ላይ ይቆማል።

«ጋሼ፣ ሶፍትዌሩ ሄዷል፤ ፎርማት ይፈልጋል። ውስጡ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«የምን ነገር አመጣህ ልጄ? ስልኬ ብቻ ይነሣልኝ።»

ፎርማት ማድረግ ስልኩን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ባዶ ማድረግ ማለት ነው። የጋሼ «የምን ነገር» የአምስት ዓመት የዕድር፣ የብድርና የልጆች ሜሴጅ ይዞ ይሄዳል፤ ስልኩ ተነሥቶ «እንኳን ደህና መጡ» ሲል ጋሼ ደስ ይላቸዋል፣ ይከፍላሉ፣ ከበሩ ደርሰው ይመለሳሉ፤ «ሜሴጆቼስ?» ወጣቱም ሌላ ስልክ እየፈታ ቀና ሳይል «ጠይቄዎት ነበር እኮ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ጠይቋቸዋል። ጥያቄው ግን ለመልሱ ባለቤት ሳይሆን ለጠያቂው ሕሊና የተሠራ ነው።

ከዚህ የሚያድኑት መንገዶች ጥቂት ናቸው። የመጀመሪያው ስልኩ ራሱ የሚያደርገው ሲሆን፣ በአንድሮይድ ስልክ ቅንብር ውስጥ ጉግል፣ ከዚያም ባካፕ የሚለው ተከፍቶ ሲበራ፣ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ከዋይፋይ ጋር በተገናኘ ጊዜ ሜሴጆቹን በኢንተርኔት አማካይነት ሩቅ ወዳለ የጉግል ኮምፒውተር ይልካል። በነጻ የሚሰጠው ቦታ ለሁሉም ነገር ተደምሮ 15 ጊጋባይት ነው፤ ሜሴጅ ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ከዚህ የሚወስደው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ቦታውን የሚያጣብበው የሠርግ ቪዲዮ ነው። እዚህ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ሁኔታ አለ፤ ስልኩ ለ57 ቀናት ሳይሠራበት ከቆየ የተቀመጠው ቅጂ ሊሰረዝ ይችላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ስለዚህ ስልክንም ጭምር ልጹም ብሎ በጾሙ መያዣ አጥፍቶ ሳጥን ውስጥ የቆለፈ ምእመን፣ ፋሲካን ገድፎ በማግሥቱ በማዕዶት ሰኞ ካላበራው 57ኛው ቀን ያልፍበታል፤ የዶሮ ወጡ ነገር ደግሞ ሰኞ በቀላሉ አያስነሣም።

ሁለተኛው መንገድ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ፕሮግራም ሜሴጆቹን ወደ አንድ ፋይል መገልበጥ ነው። ፋይሉ ሲከፈት የእያንዳንዱ ሜሴጅ ስልክ ቁጥር፣ ቃሉና ጊዜው ተዘርዝሮ ይገኛል፤ የተቀበሉት በ1፣ የላኩት በ2 ይለያል፤ ጊዜውም በዓመተ ምሕረት ወይም በፈረንጅ ቀን ሳይሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሚሆነው ቀን መባቻ ጀምሮ በተቆጠረ የሺኛ ሰከንድ ብዛት ይጻፋል። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ካልሆነ በቀር ለሰው ዓይን የሚመች አይደለም፤ ግን ፋይሉን ለሌላ ስልክ መልሶ ማስነበብ ስለሚቻል ከሁሉ የታመነው እሱ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ፋይል ያዘዋውርና እዚያው ስልክ ውስጥ በተሰካው ሚሞሪ ካርድ ላይ ያኖረዋል፤ ስልኩ ጎጀብ ሲገባ ቅጂውም አብሮ ይገባል።

በስክሪንሹት፣ ማለትም የስክሪኑን ፎቶ በማንሣት የሚያስቀምጡም አሉ፤ እነሱ ከሦስት ወር በኋላ የብድሩን ማስረጃ ከአንድ ሺህ የልጅ ፎቶዎች መካከል ሲፈልጉ ይታያሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የእቁብ ጸሐፊዎች ሜሴጁን በእስክሪብቶ ወደ ደብተር የሚገለብጡበት ልማድ እንደ ኋላ ቀርነት ሊታይ አይገባውም፤ ደብተር ፎርማት አይደረግም፣ ለ57 ቀናት ባይከፈትም አይቆጣም፤ ጠላቱ አይጥ ብቻ ነው።

በሙያው ሰዎች ዘንድ የታወቀ አንድ ደንብ አለ፤ መረጃ በሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ይራቅ የሚል ነው። የደንቡ የመጨረሻ ክፍል ለከፋ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1897 የከፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ድል ተነሥቶ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ በኋላ፣ የከፋ ነገሥታት ዘውድ በዳግማዊ ምኒልክ አማካሪ በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ሄዶ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በዚያው አቆጣጠር በ1954 ተመልሷል። ከቤት መራቁ ልክ ነው፤ ቦታውም አስተማማኝ ነው፤ ባካፕ ግን አይባልም፣ ቤት የቀረ ሌላ ዘውድ አልነበረምና። ለባካፕ ይበልጥ የሚቀርበው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር የሠራው ነው፤ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከፋ ድረስ መጥቶ ስለ መንግሥቱ ሥርዓት፣ ስለ ሕዝቡ እምነትና ልማድ ከሽማግሌዎች የሰማውን መዝግቦ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ አሳተመ። ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት ከእነሱ ሳይወሰድ ሌላ ቦታ ላይም ተገኘ ማለት ነው። የሚያሳዝነው መክፈቻው ጀርመንኛ መሆኑ ነው፤ የአዲዮ ወይም የጨና ወረዳ ገበሬ የአያቱን ወግ ከዚያ አወጣለሁ ቢል መጀመሪያ ቋንቋ ትምህርት ቤት መግባት አለበት።

ዛሬም በቦንጋ የባካፕ ዋና ችግር ይኸው የመክፈቻ ጉዳይ ነው። ስልክ የሚገዛ ሰው ጂሜይል፣ ማለትም ቅጂው የሚቀመጥበት የጉግል አድራሻ ያስፈልገዋል፤ አብዛኛው ገዢ ይህን ስለማያውቅና ሱቁም ስለሚጨናነቅ፣ ሻጩ ወጣት ቆሞ በሁለት ደቂቃ አድራሻ ይከፍትለታል፤ የገዢውን ስም ይጽፋል፣ የልደት ቀኑን ከራሱ ይፈጥራል፣ ፓስወርዱንም ለሁሉም ደንበኛ ከሚሰጠው አንድ ቃል መጨረሻ ላይ ቁጥር ጨምሮ ያበጃል። በልደት ቀኑ መሠረት ከሄድን ከተማዋ በአንድ ቀን በተወለዱ ሰዎች የተሞላች ናት። ስልኩም ባለቤቱ ሳያውቅ በየምሽቱ ሜሴጆቹን ወደዚያ አድራሻ ሲልክ ይኖራል፤ ስለዚህ ባካፕ የለኝም ብሎ የሚያዝነው ሰው ብዙውን ጊዜ ባካፕ አለው። የሌለው ፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱ ቢገኝ እንኳ በዘጠነኛው የአንድሮይድ ሥርዓትና ከዚያ ወዲህ በመጡት ላይ ቅጂው በአሮጌው ስልክ መቆለፊያ፣ ማለትም በፒን ቁጥሩ ወይም በጣት በሚሣለው ፓተርን ስለሚመሠጠር፣ ያንንም ማስታወስ ግድ ይላል፤ ፓተርኑን በርግጠኝነት የሚያውቀው ደግሞ ጎረቤት ያለው የስድስት ዓመት ልጅ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማት አንዲት የማር ነጋዴ ምትክ ሲሟን በአዲስ ስልክ ውስጥ አስገብታ፣ ማሯን የወሰደባትን ደንበኛ የዕዳ ሜሴጅ ለማስመለስ የቀድሞውን ሻጭ ፍለጋ ትወጣለች እንበል። ሱቁ ወደ ምግብ ቤት ተለውጧል፤ ወጣቱ ሚዛን ተፈሪ ሄዶ ሌላ ሱቅ ከፍቷል፤ ቁጥሩ ግን በሰው በሰው ይገኛል። ደውላ ስሟን ትነግረዋለች፣ የስልኩን ዓይነት ትነግረዋለች፣ ስለ ፓስወርዱ ትጠይቀዋለች። ወጣቱም ጥቂት አስቦ፣ ድምፁ ላይ የተበዳይነት ቃና እየተሰማ፣ «እትዬ፣ እንዳይጠፋብዎት ብዬ ያኔውኑ በሜሴጅ ልኬልዎት ነበር እኮ» ይላታል።